እንደ ጥላሸት

«የአይጧ እግር ሞቀ!» አለች ሔዋን በስልክ፣ ቻይና ላለው የትምህርት ጓደኛዋ ለምናለ፤ ደስታው ድምፅዋን እየቆራረጠው። «በናትህ ምናለ፣ እውነትህን ነው? ጥቁረቱም ለቀቃት?»

እናቷ የብርጓል ደጃፉ ላይ ሆና ከጣራው የወረደውን የዝናብ ውሃ ከባልዲ ወደ በርሜል ትገለብጥ ነበር። እጇ ባለበት ቀረ። ልጇ ቻይና ሄዳ ምን እንደምትማር ለእረፍት ከመጣች ወዲህ ደጋግማ ነግራታለች። የአይጥ እግር ላይ ደም የሚያደርሰውን ሥር ያስሩታል፤ እግሩ ሊሞት ሲል አንድ ጥቁር፣ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ነገር በመርፌ ይሰጡታል፤ ከዚያ ደሙ አዲስ መንገድ ያበጃል። የብርጓል ይህን ስትሰማ «ይሁና» ብላ አልፋው ነበር፤ የተማረ ሰው የሚሠራው ነገር አያጣም። ዛሬ ጠዋት ግን ነገሩ እንደ እሾህ ተሰነቀረባት። ታላቅ ወንድሟ መሪጌታ አካለ ወልድ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ቀኝ እግራቸው ድንጋይ ሆኖ ቀዝቅዞ ተኝተዋል። እዚሁ ቤት፣ በዚሁ ጣራ ሥር፣ የአይጥ እግር ሞቀ ተብሎ እልል ሊባል ምንም አልቀረውም።

ቤቱ ደብረ ማርቆስ ከገበያው ወረድ ብሎ ያለ የቀበሌ ቤት ነው፤ ክፍሉ ሁለት፣ በመካከላቸው አበባ ያለበት መጋረጃ። የኮርኒሱ አቡጀዲ በየክረምቱ እየረጠበ የሻይ ቀለም ያለው ካርታ አውጥቷል። መሪጌታ መጻሕፍት ሲጽፉ ከኖሩበት ከዲማ ገዳም ከመጡ ወዲህ አልጋው የእሳቸው ሆኖ፣ እናትና ልጅ የፊት ለፊቱ ክፍል ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው፣ ቦታ ያጣውን የሔዋንን ትልቅ ሻንጣ ራስጌ አድርገው ይተኛሉ። የብርጓል ቅቤ ነጋዴ ናት። ፍልሰታ ገብቶ ቅቤ የሚጠይቃት ጠፍቷል፤ ከሉማሜ ያስመጣችው ቅቤ ጥግ ላይ ተከድኖ ጾም መፍቻን ይጠብቃል፤ ዋጋው ግን አይጠብቃትም፣ በየቀኑ ይወርዳል። ስለዚህ ሰሞኑን ቤት እየዋለች ነው፣ ቤት ስትውል ደግሞ የማትሰማው ነገር የለም። መሪጌታን ስኳር ከያዛቸው ቆይቷል። በሰኔ ሐኪሙ ሁለት ጣታቸው መቆረጥ አለበት ብሎ ነበር፤ እሳቸው «ፍልሰታን ልጹምና» ብለው ነገሩን አሻገሩት። ከዚያ ወዲህ እግራቸውን ራሳቸው ይጠቀልላሉ፣ ራሳቸው ይፈታሉ፤ ሴት አታየውም ብለዋል፣ አለቀ።

ሔዋን ስልኩን ስትዘጋ እናቷ ባልዲውን እንዳንጠለጠለች ፊቷ ቆማ ነበር።

«ያንን ነገር አምጪው።»

«የቱን ነገር እማዬ?»

«ለአይጧ የሰጣችሁትን።»

ሔዋን ሳቀች፤ እናቷ እንዳልሳቀች ስታይ ሳቋን ዋጠችው። «እማዬ፣ መድኃኒት አይደለም እኮ። ገና ምርምር ነው። ሰው ላይ አልተሞከረም።»

«እንግዲያ ወንድሜ ላይ ሞክሪው። እሳቸው ሰው አይደሉም?»

«ሰው ስለሆኑ ነው የማይሆነው!»

«ደግ። ለአይጥ ይሆናል፣ ለመሪጌታ አይሆንም። የቻይና ትምህርት እንዲህ ነው በይኛ።»

«ሊመርዛቸው ይችላል። ኩላሊት ገብቶ፣ ጉበት ገብቶ ምን እንደሚያደርግ አናውቅም። ያልታሰበበት ቦታ ሄዶ የደም ሥር ሊያበቅል ይችላል። እሱን ለማወቅ ነው እኮ አይጥ ላይ የምንለፋው።»

«ሻንጣሽ ውስጥ የለም?»

«የለም!»

«ሦስት ጫማ ይዘሽ መጥተሻል። የፀጉር መተኮሻ ይዘሽ መጥተሻል። በዓይን የማይታይ ነገር ስንት ቦታ ይይዛል?»

የብርጓል የባልዲውን ውሃ ደጅ ደፋችው፤ በርሜሉ ጎድሎ ሳለ ደፋችው። ገና ለመናገር አፏን ስትከፍት ከመጋረጃው ወዲያ የመሪጌታ ድምፅ መጣ፤ ረጋ ያለ፣ እንዲያውም ደስ ያለው ድምፅ።

«የብርጓል፣ ልጅቷን አትጨቅጭቂያት። እኔ ጀምሬዋለሁ።»

እናትና ልጅ ተያዩ። መጋረጃውን ገልጠው ሲገቡ መሪጌታ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው አልጋው ላይ ቀና ብለዋል። ዳዊታቸው ታጥፎ ትራሱ ላይ ነው። ከአልጋው ሥር አንድ የድንጋይ መፍጫ፣ አንድ የሸክላ ጻሕልና አፉ በጨርቅ የተወተፈ የቀለም ቀንድ ተደርድረዋል።

«ምኑን ነው የጀመሩት የኔታ?» አለች ሔዋን። አጎቷ ቢሆኑም «የኔታ» ነው የምትላቸው፤ ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው።

«ያንችኑ ነዋ! ጥላሸቱን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሔዋን በመጣች ማግስት መሪጌታ «እስቲ ንገሪኝ፣ የምትማሪው ትምህርት ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀዋት ነበር። እሷም እሳቸው እንዲገባቸው ከማንም ይበልጥ ፈለገች። «ካርቦን» አለች፤ «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አሏት። በአማርኛ የምትለው ቸገራትና «እንደ ጥላሸት ነው የኔታ፤ ግን እጅግ በጣም የደቀቀ። አዲስ የደም ሥር ያበቅላል» አለቻቸው። እናቷም ሳቀች፣ እሳቸውም ሳቁ፣ እራት ቀረበ። መሪጌታ ግን በብራና የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከድስትና ከምጣድ ሥር ጥላሸት እየፋቁ፣ ከታመሰ ገብስ ጋር እየፈጩ፣ ወራት እያቆዩ፣ ጥፍር ላይ ሲያሹት እንክት ብሎ እስኪጠፋ ድረስ እያደቀቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ጥላሸት የሚለውን ሰሙ። የደቀቀ የሚለውን ሰሙ። ሥር የሚለውንና ያበቅላል የሚለውን ሰሙ፤ ቅኔ የተቀኘ ሰው ሥር ሲባል መሬቱንም፣ ውሃውንም፣ ዛፉንም አብሮ ያያል። ከልጅቱ ቃል ሁሉ አንዲቷ «እንደ» ብቻ በጆሯቸው አጠገብ አልፋ ሄደች።

የብርጓል ያኔ ድስቶቿ ትዝ አሏት። ሰሞኑን የድስቶቹ መቀመጫ ተፍቆ ነጥቶ እያገኘች «ልጄ ቻይና ሄዳ ባለሙያ ሆነች» ስትል ከርማለች።

«ይፍቱት» አለች። «አሁን ይፍቱት።»

«ጊዜው አልደረሰም። ሥር ሲይዝ አይነካካም።»

«እኔ እፈታዋለሁ እንጂ!» ጎንበስ ብላ ጨርቁን ያዘች። መሪጌታ እጇን ሊከለክሉ ፈለጉና ተዉት፤ ይህቺን ሴት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከያዘችው ነገር ያስለቀቃት እንደሌለ ያውቃሉ። ጨርቁ ዙር በዙር ተፈታ። እግሩ ከጣቶቹ ጀምሮ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ድረስ ጥቁር ነው፤ ያብለጨልጫል። ብራና ላይ ቢሆን ኖሮ የሚያምር ጥቁር ነበር። ሽታው ተነሥቶ ክፍሉን ሞላው። ባለፈው ሰሞን «ምን ይሸታል?» ብላ ስትጠይቃቸው «ቀለም ሲበስል ይሸታል» ብለዋት ነበር፤ የሚበስል ቀለም እንደሚሸት ከልጅነቷ ታውቃለችና አመነቻቸው።

«ሌሊት ሌሊት ይጎተጉተኛል» አሉ መሪጌታ፣ ለሔዋን፣ ተማሪ ለመምህሩ እንደሚነግር ዓይነት። «ሥሩ መንገድ ሲፈልግ ነው አልሁ። አይደለም?»

ሔዋን ከእግራቸው ሥር ቁጢጥ አለች። እንባዋ እየወረደ ነው፣ አልጠረገችውም። «የኔታ፣ እጄ ይሰማዎታል?»

«የትኛው እጅሽ?» አሉ፣ ወዲያና ወዲህ እየተመለከቱ።

እጇ ጣቶቻቸውን ጨብጦ ይዟል።

ሆስፒታል የሚወስዳቸው ባጃጅ በዝናብ ነው የመጣው። ሾፌሩ በጭቃው ሰበብ ኮንትራት ነው አለ፤ የብርጓል በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ እዚያው ቆማ ዋጋውን ታስወርደው ነበር፤ ዛሬ የጠየቃትን ከፈለች። መሪጌታ መካከል ተቀምጠው እግራቸውን በሔዋን ጭን ላይ ዘርግተዋል። መንገዱ ላይ አንድ ሁለት ሰዎች ባጃጁ ውስጥ ነጭ ጥምጣም አይተው እጅ ነሡ፤ እሳቸውም ከውስጥ ባረኩ። ሔዋን በጨርቁ ላይ እጇን አሳርፋለች፤ የብርጓል ወደ ውጭ፣ ወደ ዝናቡ ታያለች። እነዚህ ሦስት ሰዎች ከትናንት ወዲያ በአንድ ትሪ ሹሮ እየበሉ እስኪያንቃቸው ድረስ ሲሳሳቁ ነበር።

ሆስፒታል ሲስተር ጥሩነሽ የምትባል ወፍራም፣ አንደበቷ ፈጣን ነርስ ተቀበለቻቸው። ጨርቁን ስትፈታ «ምንድን ነው የቀባችሁት?» አለች።

«ቀለም» አሉ መሪጌታ። «የጽሕፈት ቀለም። ንጹሕ ነው።»

«ወይ አባቴ!» አለችና ከዚያ በላይ አልተቆጣችም። ሳፋ ከሥር አድርጋ ውሃ ታፈስበት ጀመር። ውሃው ጥቁር ሆኖ ወረደ። ደፍታ ሌላ አመጣች፤ እንደ አመድ ሆኖ ወረደ። ሦስተኛው ላይ ደፈረስ አለ። የብርጓል አልጋው ራስጌ ቆማ ውሃውን ብቻ ነው የምታየው። ከዚያ ውሃው ጠራ። ነርሷ ማፍሰሷን አቆመች።

«ጨምሪበት እንጂ» አለች የብርጓል።

«በቃ እናቴ፣ ጠርቷል።»

«አልጠራም። አታይውም? ጥቁር ነው። የሳቸው ቀለም ቶሎ አይለቅም። ዲማ ሆነው የጻፉት መጽሐፍ ዝናብ መትቶት አልለቀቀም። በሳሙና አርጊው።»

ሲስተር ጥሩነሽ ሳሙና ጨመረች። አረፋው ነጭ እንደሆነ ወረደ። እግሩ እንዳለ ነው።

«እንደገና።»

«እናቴ» አለች ነርሷ፤ አሁን ድምፅዋ ለስልሷል። «ቀለሙ ለቋል። ይሄ እግራቸው ነው።»

ዶክተር የሺዋስ ጎልማሳ ነው፣ ብዙ አይናገርም። ጉልበታቸውን ከኋላ በኩል በጣቱ እየዳበሰ ቆየ፤ የሚፈልገውን የደም ሥር ትርታ አላገኘም። ከዚያም ከጉልበታቸው በላይ፣ ጭናቸው ላይ እጁን አሳርፎ «የሚቆረጠው እዚህ ጋ ነው» አለ። «በሰኔ ሁለት ጣት ነበር የጠየቅሁዎት መሪጌታ። ዛሬ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ጥቁሩ ጥቁሩን ሸፍኖት ማንም አላየውም። ዛሬውኑ ካልተቆረጠ ወደ ደምዎ ይገባል፤ ከገባ አናተርፍዎትም።»

«ከጉልበት በታች አይሆንም?»

«አይሆንም።»

«ልጄ፣ ጉልበቴን እኮ ነው የምልህ» አሉ፤ ሐኪሙ ያልሰማቸው መስሏቸው። የታመመውን እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንሥተው አጠፉት፤ ጉልበቱ እንደ ኮረብታ ቀና አለ። በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ብራናው የሚያርፈው እዚህ ነው።»

ሔዋን «ጠረጴዛ አሠራልዎታለሁ የኔታ» አለች። የብርጓልም «ግራው አለልዎ» አለች፤ አስባ አይደለም፣ ዝም ላለማለት ነው።

መሪጌታ ፈገግ አሉ። «ቀኝ እጅ ግራ ጉልበት ላይ ይጽፋል? እናንተ ሰዎች» አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ይቅርብኝ። ከነእግሬ ልሂድ። ዲማ ውሰዱኝ።»

«አይሄዱም» አለች የብርጓል።

«ማን ነው የሚከለክለኝ?»

«እኔ። እዚሁ ወለሉ ላይ በሩን ዘግቼ እተኛለሁ። ተራምደውኝ ይሂዱ፣ በዚያ እግርዎ የሚራመዱ ከሆነ።» አለችውና ወዲያው ጸጸታት፤ ግን መልሳ ልትውጠው አልቻለችም። ዶክተር የሺዋስ ወጣ ብሎ ጠበቃቸው። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይንጣጣል። መሪጌታ ወደ ሔዋን ዞሩ።

«አንቺ። ያ ነገራችሁ ለሰው የሚደርሰው መቼ ነው?»

ሔዋን እናቷን አየች፤ የብርጓል ፊቷን አዞረች፤ እንድትዋሽላቸውም፣ እንዳትዋሽም ፈልጋለች።

«አላውቅም የኔታ። እኔ ሳረጅ ይሆናል። ጨርሶም ላይደርስ ይችላል።»

«የኔ ጥላሸትስ?»

«የእርስዎ ጥላሸት ጥላሸት ነው።»

«አሁን ያልሽው ውስጥ የተሰወረ የለም? ሌላ ፍቺ፣ ምን?»

«የለም። ይሄው ብቻ ነው።»

መሪጌታ ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ፊደሉን ቆጥራ ስትጨርስ ያዩዋት የነበረ ዓይነት። «እንግዲህ በደንብ ተናገርሽ» አሉ። «ጥሩት ሰውየውን።»

እሳቸው ቀዶ ጥገና ክፍል ከገቡ በኋላ እናትና ልጅ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። በመካከላቸው የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ነው፤ የመሪጌታ ጋቢ ታጥፎ እዚያ ላይ ተቀምጧል። የብርጓል ብዙ ልትል አስባ ነበር። «ተምረሽ ተምረሽ» ብሎ የሚጀምር ነገር ምላሷ ላይ ነበር። ልጅቱ ግን ክርኖቿን ጉልበቷ ላይ ተክላ መዳፎቿን እያየች ነው፤ በጥፍሮቿ ሥር ከጨርቁ የተያዘው ጥቁር ቀርቷል። እናቲቱ ልትጀምር ያለችውን ነገር ተወችው። አጠገባቸው ከደብረ ኤልያስ ልጇን ይዛ የመጣች ሴት ነበረች፤ ጨዋታ ፈልጋ፣ የሔዋንን ጂንስ ሱሪና መነጽር አየት አድርጋ «ተማሪ ነሽ ልጄ? ምን ትማሪያለሽ?» አለቻት።

«ምንም» አለች ሔዋን።

ሴትየዋ ደነገጠች። የብርጓል ጋቢውን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችና ወደ ልጇ ጠጋ አለች። «የደም ሥር ነው የምትማረው» አለች ለሴትየዋ፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ የሚከራከራት ያለ ይመስል። «ደም ያልደረሰው እግር ደም እንዲደርሰው። ገና ነው፣ አላለቀም። ትጨርሰዋለች።»

«ኧረ እመቤቴ ትርዳት» አለች ሴትየዋ።

ሔዋን ራሷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣለች።

ከሰዓት በኋላ ነው ሲስተር ጥሩነሽ የወጣችው። ደህና ናቸው፣ ገና አልነቁም አለች። ቀጥላም ቀስ ብላ «እግራቸውን ቤተሰብ ይወስዳል፣ ወይስ እኛ እናስቀብረው?» ብላ ጠየቀች። የብርጓል ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ ታውቃለች፤ የማታውቀው ነገር ሲመጣባት ግን አላመነታችም። «የኛ ነው። እንወስደዋለን» አለች። በነጭ ጨርቅና በላስቲክ ተጠቅልሎ መጣላቸው። ሔዋን ተቀበለችው፤ እናቷ ልትይዝ ብትል አልሰጠቻትም።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ስለሆነ በእግር ሄዱ። ዝናቡ አባርቷል፤ የፍልሰታ ቅዳሴ አልወጣም፣ ድምፁ ከውስጥ ይሰማል። የብርጓል ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ቢተው የሚባል ሽማግሌ የግቢው ዘበኛ የልጅቱን እቅፍ አይቶ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ነፍስ ይማር። ሕፃን ነው?»

«አይደለም» አለች የብርጓል።

«ካህናቱ ቅዳሴ ላይ ናቸው፤ ትንሽ ብትቆዩ...»

«እግር ነው። የወንድሜ እግር ነው። ባለቤቱ አለ፣ ተኝቷል።»

ቢተው ቆቡን አወለቀ። ከዚያ ለእግር ቆብ ይወለቅ እንደሆነ የጠፋው ይመስል መልሶ አጠለቀው። ብዙ አልጠየቀም። ከአጥሩ ሥር፣ ጽድ አጠገብ፣ ሰው ያልተቀበረበት ጥግ መርጦ በዶማ ቆፈረላቸው፤ አፈሩ ረጥቦ ስለነበር አላስቸገረውም። ጉድጓዱ ጠባብ ነው። ሔዋን ጥቅሉን ይዛ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከች፤ ልታወርደው ስትል ቆመች።

«ወዴት ነው የማዞረው እማዬ?»

ቢተው ዶማውን ተደግፎ «ሬሳ ከሆነ ራሱ በምዕራብ ነው» አለና፣ ያለው ነገር እንደማይሠራ ገብቶት ዝም አለ።

የብርጓል ከአጥሩ ባሻገር አየች። ጭጋጉ ሜዳው ላይ ተኝቷል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አይታይም።

«ጣቶቹን ወደ ዲማ አድርጊያቸው» አለች።

ሔዋን ወደ አንዱ አቅጣጫ ዞረች፣ ከዚያ ወደ ሌላው። ዲማ በየት በኩል እንደሆነ አላወቀችም። እናቷ ጫማዋን አውልቃ ጭቃው ላይ ተንበረከከች፤ ጥቅሉን ከልጇ እጅ ተቀብላ፣ የጣቶቹን ጫፍ በጨርቁ ላይ በዳበሳ ፈልጋ፣ ራሷ አዞረችው።